ባዶ ጠርሙስን በቀለም ማስጌጥና የዕቃ ክብር ጥያቄ

አንድ ዕቃ የተሠራበት አገልግሎት ሲያበቃ ምን ሆኖ ይቀራል የሚለው ጥያቄ የፍልስፍናም የሃይማኖትም ጥያቄ ሲሆን፣ በዴንቨርና በአውሮራ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤት በባዶ ጠርሙስ ምክንያት ሊነሣ ይችላል። በኢትዮጵያ ከተሞች የጠርሙስ ባዶነት ጊዜያዊ ነው፤ የቢራውና የለስላሳው ጠርሙስ በሣጥኑ ወደ ፋብሪካ ተመልሶ ዳግም ይሞላል፣ የወይን ጠጁና የውስኪው ጠርሙስ ዘይት ወይም አረቄ ይያዝበታል፣ የተረፈውንም ቆራሌው፣ ማለትም በየሰፈሩ እየዞረ አሮጌ ዕቃ የሚገዛው ነጋዴ፣ ሰብስቦ መርካቶ ወደሚገኘው ምናለሽ ተራ ይወስደዋል። ዴንቨርና አውሮራ የሚገኙባት የአሜሪካ ግዛት ኮሎራዶ ግን ጠርሙስ ሲገዛ መያዣ ተከፍሎ ሲመለስ ገንዘቡ የሚሰጥበት ሕግ የላትም። ከዴንቨር በስተ ምዕራብ በዊት ሪጅ የቢራ ጠርሙስ ፋብሪካ ቢኖርም፣ በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው የግዛቲቱ ሕግም ማሸጊያ የሚጠቀሙ አምራቾች የመልሶ መጠቀሙን ወጪ እንዲሸከሙ ቢያዝም፣ በአውሮራ ሃቫና ጎዳና አቅራቢያ ደጃፉን የሚያንኳኳ ቆራሌ ስለሌለ፣ ጠርሙሱን ይጥለው ወይም ያኑረው ዘንድ የሚወስነው ባለቤቱ ብቻ ነው።

ጠርሙሱን አጥቦ ቀለም መቀባት ከዚህ ውሳኔ መንገዶች አንዱ ነው፤ ይሁንና ተግባሩ ዕቃውን ያድነዋል ወይስ ያለፈ አገልግሎቱን ብቻ ይሸፍንበታል ተብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው። የማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 23 የጽዋውን ውጭ አጥርተው ውስጡን በቅሚያ እንደ ሞላ የሚተዉትን አጥብቆ ስለሚወቅስ፣ ለመጠጥ ያገለገለ ጠርሙስ በአበባ ሥዕል ማማሩ ለአንዳንድ አማኝ የዚያው ግብዝነት ምሳሌ ሊመስለው ይችላል። ሆኖም ወቀሳው የሚመለከተው ውስጥ የተከማቸውን ክፋት ነው፤ የታጠበ ጠርሙስ ደግሞ ውስጡ ምንም የለውም።

ባዶነቱን ለመረዳት ከዚህ ይልቅ የሚቀርበው ስለ ነቢዩ ኤልሳዕ የተጻፈው ነው። በሁለተኛው መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 2 ነቢዩ የኢያሪኮን ውኃ ለመፈወስ ጨው የሚጨመርበት አዲስ ዕቃ እንዲመጣለት አዘዘ፤ በምዕራፍ 4 ግን ባለዕዳ ለሆነችው መበለት ከጎረቤቶቿ ባዶ ዕቃ ሁሉ እንድትዋስ ነገራት፤ የነበራትን ጥቂት ዘይት በየዕቃው ስትገለብጥም ዘይቱ የቆመው ባዶ ዕቃ ሲያልቅ ነው። እነዚያ የተዋሰቻቸው ዕቃዎች ቀድሞ ምን እንደ ያዙ ማንም አልጠየቀም፤ የተፈለገው ባዶ መሆናቸው ብቻ ነበር። በአንጻሩ ንዋየ ቅድሳት፣ ማለትም እንደ ጽዋና ጻሕል ያሉት ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የተለዩ ዕቃዎች፣ ወደ ተራ አገልግሎት አይመለሱም፤ በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 5 ንጉሡ ብልጣሶር የተፈረደበት በቤተ መቅደሱ ዕቃ ወይን ጠጅ በመጠጣቱም ነው። ስለዚህ ከክብር ወደ ተራነት የሚወስደው በር ሲዘጋ፣ ከተራነት ወደ ክብር የሚወስደው ክፍት ሆኖ ይገኛል፤ ቀለም ቀቢውም የሚቆመው በዚህ በተከፈተው በር ላይ ነው።

እዚህ ላይ የአቀባቡ ስልት ከቴክኒክ ጉዳይነት አልፎ የፍልስፍና ክብደት ያገኛል። አንደኛው ስልት ቀለሙን በጠርሙሱ ውስጥ አፍስሶ፣ ጠርሙሱን እያዘነበሉ ግድግዳውን ሁሉ ካለበሱ በኋላ ትርፉን ማንጠፍጠፍ ነው። ከውጭ ሲታይ እጅግ ያብረቀርቃል፤ ነገር ግን የሚጠጣ ነገር ከእንግዲህ አይያዝበትም፣ ውኃ ቢቆይበትም ቀለሙ ይላጣል፤ ስለዚህ ከደረቅ አበባ በቀር የሚስማማው የለም። ሁለተኛው ስልት ብርጭቆ ቀለም የማይመጥ በመሆኑ ቅባቱን በሳሙናና በአልኮል አጽድቶ ከውጭ በኤናሜል፣ ማለትም ደርቆ በሚጠነክር አንጸባራቂ ቀለም፣ መሣል ነው፤ ለምድጃ በተዘጋጀው ዓይነት የተሣለው ጠርሙስ ድንገተኛ ሙቀት እንዳይሰነጥቀው በቀዝቃዛ ምድጃ ገብቶ፣ ብዙውን ጊዜ በ175 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ለግማሽ ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ፣ እዚያው ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል። ጀርመናዊው ፈላስፋ ማርቲን ሃይደገር በ1950 እ.ኤ.አ. ስለ ማሰሮ ባቀረበው ንግግር የዕቃውን ዕቃነት የሚሸከመው ከግድግዳው ይልቅ በውስጡ ያለው ባዶ ስፍራ መሆኑን አስረድቷል፤ የቻይናው ላኦ ትዙም ከብዙ ዘመን በፊት ተመሳሳይ ሐሳብ አስተምሯል። በዚህ ሚዛን ውስጡን መቀባት ጠርሙሱን ወደ ምስልነት ሲለውጠው፣ ውጩን መቀባት ግን ዕቃነቱን ይጠብቅለታል፤ ሁለተኛው የተሻለ መሆኑም አያጠራጥርም።

ብርጭቆ ከሸክላ የሚለየው ብርሃን በማሳለፉ ስለሆነ ይህም ሊታሰብበት ይገባል። በአዲስ አበባ የአፍሪካ አዳራሽ የሚገኘው የአፈወርቅ ተክሌ ታላቅ የመስታወት ሥዕል ኃይሉን የሚያገኘው ከኋላው ከሚመጣው ብርሃን ነው፤ ዙሪያውን በድፍን ቀለም የተለበጠ ጠርሙስ ግን ይህን ጸጋ ያጣል። ዴንቨር ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይዋ ብርቱ ናት፤ መስኮት ላይ የተቀመጠ ብርሃን አሳላፊ ቀለም በዚያው ብርሃን ይደምቃል፣ በጊዜ ብዛትም በዚያው ይደበዝዛል።

የቅዱሳንን ሥዕል በጠርሙስ ላይ መሣል ግን ከባድ ጥንቃቄ የሚሻ ነው፤ ቅዱስ ሥዕል ሲያረጅ ከቆሻሻ ጋር እንደማይጣል የሚያምን ሰው፣ የተሰበረውን ብርጭቆ ወዴት እንደሚያደርሰው አስቀድሞ ሊያስብ ይገባዋል። በምትኩ የብራና ጸሐፊዎች የጽሑፉን ራስጌና ዳርቻ ያስጌጡበት የነበረው ሐረግ፣ ማለትም እርስ በርሱ የሚጠላለፈው የቀለም ጌጥ፣ የተሻለ ምርጫ ነው። ሐረግ በብራናው ላይ ዳሩን ይዞ መካከሉን ለቃሉ ይለቅ እንደነበረ፣ በጠርሙስም ላይ አንገቱንና እግሩን ብቻ ቢይዝ ሆዱ ለብርሃን፣ ለውኃና በመስከረም ለሚገባው አበባ ክፍት ሆኖ ይቆያል።