አድናቂ እና ጠባቂ

አንድ የጥበብ ሥራ ማንም ሊያየው የማይችል ከሆነ «አለ» ሊባል ይችላልን? ጥያቄው ለፈላስፎች የተተወ ይመስላል። ስለ «ዘ ዲቫይን ውማን» ባሰብኩ ቁጥር ግን ወደ ሌላ፣ ይበልጥ ወደሚከብድ ጥያቄ ይወስደኛል፤ ለመጥፋቱ ተጠያቂው ማን ነው?

ይህን ድምፅ አልባ ሜሎድራማ እ.ኤ.አ. በ1928 ያወጣው የአሜሪካው ሜትሮ-ጎልድዊን-ሜየር ኩባንያ ነው። አዘጋጁ ስዊድናዊው ቪክቶር ሾስትሮም፣ መሪ ተዋናይዋም የአገሩ ልጅ ግሬታ ጋርቦ ነበሩ። ፓሪስ ገብታ ዝነኛ ተዋናይት የሆነች፣ በፍቅርና በዝና መካከል የምትዋልል የአንዲት ድሃ ልጅ ታሪክ ነው። ከዚያ ሁሉ የተረፈው ዘጠኝ ደቂቃ ያህል የሚታይ አንድ ጥቅልና አንዲት አጭር ቁራጭ ብቻ ነው። ፎቶግራፎቹ አሉ፣ ብዙም ተጽፎለታል፤ ፊልሙ ግን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሆኗል።

ብቻውንም አይደለም። የአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ ከ1912 እስከ 1929 በዚያች አገር ከተሠሩት 11,000 የሚጠጉ ረጃጅም ድምፅ አልባ ፊልሞች በመጀመሪያ ይዞታቸው የተረፉት 14 በመቶ ብቻ ናቸው። የተሠሩበት ናይትሬት በቀላሉ የሚቀጣጠልና የሚበሰብስ ነበር። ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ ደግሞ ገበያ አጡ፤ አንዳንዶቹም በውስጣቸው ያለው የብር ማዕድን ተለይቶ እንዲወጣ ሲባል ሆን ተብለው ተደመሰሱ።

«ምን አለበት? ጊዜ ወንፊት ነው፤ የማይረባውን ይጥላል» የሚሉ አሉ። እኔ ግን አልስማማም። ወንፊት መርጦ ይጥላል፤ እሳትና ብስባሴ አይመርጡም። ፊልሙ ተራ ሜሎድራማ ሊሆን ይችላል፤ ተራ ነው ብሎ የመፍረድ መብት ግን ገና ያልተወለዱትም ነበር። ባለቤቱ ሊሸጠውና ሊያተርፍበት መብት አለው። የሌላውን ዓይን አስቀድሞ የመጋረድ መብት ግን ከየት ያገኛል?

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመኝ የተረፈችው ጥቅል የተገኘችበት ስፍራ ነው። የተገኘችው ከሆሊውድ ሳይሆን ጎስፊልሞፎንድ ከተባለው የሩሲያ የፊልም ቤተ መዛግብት ነው። ጋርቦ አድናቂ አልጎደላትም፤ በዘመኗ ዝናዋ ዓለምን ያዳረሰ ነበር። ያ ሁሉ አድናቆት ግን ፊልሟን አላዳነውም። ዘጠኙን ደቂቃ ያተረፈልን የባዕድ አገር መደርደሪያ ነው።

እኛ ጥበብን እንወዳለን ስንል ብዙ ጊዜ ማጨብጨባችን ነው። ጭብጨባ ለተመልካቹም ደስታ ነውና ዋጋ አያስከፍልም። መጠበቅ ግን ቦታ፣ ገንዘብና ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ጠባቂውም ምስጋናውን ላይሰማ ይችላል። ስለዚህ አንድን ሥራ ወደድኩ የሚል ሰው፣ ከሙገሳው በፊት አንድ ነገር ቢጠይቅ እመርጣለሁ፤ ይህ ነገር አሁን የት ተቀምጧል? ቁልፉስ በማን እጅ ነው?