ከተማዋን ሳትኖሪባት አታርጂ

ልጄ፣ ሥራሽን አክብረሽ መያዝሽ ያኮራኛል። በሰዓትሽ ትገቢያለሽ፣ ከደመወዝሽ ለእናትሽ ትልኪያለሽ፣ ከማይሆን ሰው ጋር አትውዪም። በዚህ በኩል የምመክርሽ የለም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አዲስ አበባን የምታውቂያት ከቤትሽ እስከ መሥሪያ ቤትሽ ባለው መንገድ ልክ ብቻ ነው። ቅዳሜ ልብስ ታጥቢያለሽ፣ እሑድ ትተኛለሽ። ለምን ወጣ አትዪም ስልሽ «የራሴ ቤት ሲኖረኝ፣ ደመወዜ ሲጨምር፣ ያኔ እደርስበታለሁ ጋሼ» ትይኛለሽ። ይህን አነጋገር አልወደድኩትም። ቤቱ በመጣ ጊዜ ጉልበቱና ጉጉቱም አብረው እንደሚመጡ ማን ዋስ ሆነሽ?

አበው «ብልህ ልጅ የሰጡትን እየበላ ያለቅሳል» ይላሉ። እኔ አታልቅሺ አላልኩም። የቤት ኪራይ ሲንር፣ ውኃ ሲቋረጥ፣ በታክሲ ሰልፍ እግርሽ ሲደነዝዝ ማማረር ያለ ነው። የተሻለ መጠየቅም መብትሽ ነው። ብቻ እየበላሽ አልቅሺ። የቀረበልሽን ትተሽ የሚመጣውን ብቻ የምትጠብቂ ከሆነ ሁለቱም ያመልጡሻል።

ሰው አዲስ አበባን የእንጀራ ከተማ ይላታል፤ መጥቶ ሠርቶ የሚበላባት። እውነት ነው። መነሻዋ ግን ሌላ ነበር። ቤተ መንግሥቱ እንጦጦ ላይ ሳለ፣ ብርዱና ንፋሱ ሰውን ሲያንገላታ፣ እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍልውኃ እየወረዱ በሞቀው ውኃ ይታጠቡ ነበር። ቦታውን ወደዱት። በ1879 ዓ.ም. እዚያው ቤት አሠሩ፤ ስሟንም አዲስ አበባ ብለው ያወጡላት እሳቸው ናቸው። እንግዲህ ይህችን ከተማ የመሠረቷት ሙቅ ውኃና ለምለም ሜዳ ደስ ያሰኛቸው ሰው ናቸው። ስለዚህ ወጥተሽ ብትደሰቺ ከሥራ ያፈነገጥሽ እንዳይመስልሽ። በከተማዋ መደሰት ከቆረቆሯት ጀምሮ የነበረ ነገር ነው።

ከሁሉ በፊት በእግርሽ ሂጂ። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለተቀመጠች በጋዋም አያቃጥል፣ ክረምቷም ካፖርትና ጃንጥላ ላለው ሰው የሚቻል ነው። እንዲህ ያለ አየር ስንቱ ከተማ ተመኝቶ አላገኘውም። ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ የሚወስደውን ዳገት በታክሲ መስኮት ብቻ አይተሽው ከሆነ አላየሽውም። ቅዳሜ ከሰዓት በእግርሽ ውጪው። መንገድሽ ላይ ብሔራዊ ሙዚየም አለ። በ1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ፣ የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ሉሲ፣ ቤቷ እዚያ ነው። ለፈተና ብለሽ ሸምድደሻት ይሆናል። የባዕድ አገር ሰው ውቅያኖስ አቋርጦ ሊያያት ይመጣል፤ አንቺ ጠዋትና ማታ በደጇ ታልፊያለሽ። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የተባለው ይኸው ነው።

ትንሽ ከፍ ስትዪ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አለ። ንጉሠ ነገሥቱ ለዩኒቨርሲቲ ሰጥተውት ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ሆኗል። የንጉሡን መኝታ ክፍል ታያለሽ፤ በገናውን፣ ክራሩን፣ የጥንት ሥዕሎቹን ታያለሽ። ስትወጪ ከየካቲት 12 ሐውልት ሥር ቆም በዪ። በ1929 ዓ.ም. በግፍ ያለቁት የዚሁ ከተማ ሰዎች ናቸው፤ እነሱም በዚህ መንገድ ይሄዱ ነበር። የከተማ ደስታ ሁሉ ሳቅ አይደለም፤ የቆምሽበትን ማወቅም ደስታ ነው፣ ከሌላው ሁሉ የሚዘልቅ።

ቡናን በሚመለከት ጠንከር ብዬ ልናገርሽ ነው። ሲኒው ፊትሽ ቀርቦ አንቺ ስልክሽ ውስጥ ነሽ። ይህ ለቡናውም ለቆላችውም ሴት ክብር አይደለም። መንገድ ዳር ቄጠማ ጎዝጉዛ፣ ጀበናዋን ከሰል ላይ ጥዳ፣ ዕጣን የምታጨስ ልጅ ስታገኚ ዱካው ላይ ቁጭ በዪ። ግራና ቀኝሽ ያለውን ሰው «እንደምን ዋላችሁ» በዪ። አጠገብሽ ዘበኛው፣ ተማሪው፣ የባንክ ሠራተኛው እኩል ዱካ ላይ ተቀምጠዋል፤ እንዲህ እኩል የሚያስቀምጥ ሌላ ቦታ ከተማው ውስጥ አላውቅም። ስለ ኳስ ይከራከራሉ፣ ስለ ኑሮ ያወራሉ፣ ጊዮርጊስና ቡና ሊጋጠሙ ከሆነማ ጨዋታው ከዚያው ይጀምራል። ማኪያቶ ካሰኘሽ ደግሞ ፒያሳ ውጪና እንደ ድሮው ሰው ቶሞካ ቆመሽ ጠጪ። መቀመጫ የለም ብለሽ አትከፊ፤ ቆሞ መጠጣቱ የቤቱ ወግ ነው።

ሽንኩርትና ቲማቲም ከሱፐርማርኬት በፌስታል አንጠልጥለሽ ስትገቢ አይቻለሁ። እንደ እኔ ግን ከሰፈርሽ ጉልት ብትገዢ ነው የሚሻለው። ጉልት የምትቸረችረው ሴት ቲማቲሙን በመደብ በመደብ ደርድራ፣ ዝናብ ሲመጣ በላስቲክ ሸፍና፣ ሲያባራ ገልጣ እዚያው ትውላለች። ተመላልሰሽ ስትገዢ ደንበኛዋ ትሆኛለሽ፤ ደንበኛ ስትሆኚ ምራቂ ትጨምርልሻለች፣ ሁለት ቃሪያ ወይም አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት። ትልቁ ነገር ቃሪያው አይደለም። ሳምንት ብትጠፊ «ምነው፣ አመመሽ እንዴ?» የምትል ሰው አገኘሽ ማለት ነው። ሚሊዮኖች በሚተራመሱባት ከተማ መቅረትሽን የሚያስተውል ሰው ማግኘት ትልቅ ሀብት ነው። ማምሻውን ትኩስ ዳቦ የሚያወጣውን ዳቦ ቤት፣ ጫማሽን የሚጠርገውን ሊስትሮ፣ የባለ ሱቁን ልጅ እንዲሁ በስማቸው ጥሪያቸው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ሲባል ቤታቸው ግድግዳ ለግድግዳ የሆነውን ብቻ አይደለም።

ታክሲው ራሱ አሰልቺ ነው ትያለሽ። በጠዋቱ ግፊያ አልከራከርሽም። ሆኖም የረዳቱን ጥሪ፣ «ወራጅ አለ!» የሚለውን ድምፅ፣ የማያውቃትን እናት ቦርሳ ተቀብሎ ጉልበቱ ላይ የሚያስቀምጠውን ጎረምሳ፣ ጎረቤቱን ከኋላ ወንበር አይቶ ሒሳብ ቀድሞ የሚከፍለውን ሰውዬ ልብ ብለሽ እዪ። ከዚህ ተነቅለው በሰው አገር የሚኖሩ ልጆቻችን ሲመጡ ናፈቀን ከሚሏቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ከተማዋ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አንድ መልክ የላትም፤ በየወሩ ልብስ ትቀይራለች። ክረምት ሲገባ በየጥጉ በቆሎ ይጠበሳል፤ እጅሽ እየተቃጠለ፣ ጃንጥላ ሥር ቆመሽ ካልጋጥሽው ክረምቱን አልከረምሽውም። በለስ የሚልጡልሽ ልጆችም የሚመጡት ያኔ ነው። መስከረም 16 መስቀል አደባባይ ደመራ ይበራል፤ ጥር 10 ታቦታቱ ወደ ጃንሜዳ ይወርዳሉ፤ ከሕዝቡ ጋር በእግርሽ ሸኚያቸው፣ በቴሌቪዥን አትዪው። በረመዳን ወደ ማምሻው መርካቶ ወዳለው አንዋር መስጊድ ብትጠጊ የሳምቡሳው ሽታና የተምሩ ክምር ይቀበልሻል፤ ሙስሊም ጓደኞችሽ ለማፍጠር ቢጠሩሽ እንዳትቀሪ። ኅዳር ላይ ደግሞ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ታላቁ ሩጫ አለ። ፈጣን መሆን አይጠበቅብሽም፤ አብዛኛው ሰው የሚወጣው 10 ኪሎ ሜትሩን እየዘፈነና እየተረጫጨ ሊጨርስ ነው። እስከዚያ እሑድ ንጋት ላይ መስቀል አደባባይ ውጪና ደረጃውን ከወጣቱ ጋር ውጪ ውረጂ።

ቴአትር ገብተሽ ታውቂያለሽ? ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተ ቤት ነው፤ ጥላሁን ገሠሠ ሲጀምር የቆመበት መድረክ። ብሔራዊ ቴአትር የተከፈተው በ1948 ዓ.ም. ነው፤ ደጁ ላይ ያለው የድንጋይ አንበሳ ስንት ቀጠሮ እንደተቀጠረበት እሱ ቢናገር። ተዋናዩ በሥጋው ፊትሽ ቆሞ ሲያለቅስና አዳራሹ አብሮት ጸጥ ሲል ያለው ስሜት በስልክ አይመጣም። ንባብ ከወደድሽም አራት ኪሎ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርኆት ቤተ መጻሕፍት አለልሽ፤ መግቢያ ክፈይ የሚልሽ የለም።

ስለ ገንዘብ ብዙ አልልም። «ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» ይባላል፤ የምነግርሽ ግን የምድሩን መንገድ ነው፤ እሱም እግር ይበቃዋል። ጓደኞችሽ ትልልቅ ሆቴል ገብተው ፎቶ ተነሡ ብለሽ ተበድረሽ እንዳትከተያቸው። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይሆንብሻል፤ በተበደረ ገንዘብ የተበላ ኬክ ወር እስኪደርስ ጉሮሮ ላይ ይቆማል። አልፎ አልፎ፣ ደመወዝ በገባ ሰሞን፣ ካጠራቀምሽው ላይ ጥሩ ምሳ ብትጋብዢ ግን ደግ አደረግሽ።

ጥንቃቄም አይለይሽ። «አያያዙን አይቶ ጭብጦውን ቀማው» ይላሉ። መርካቶ ስትገቢ ቦርሳሽን ወደፊት አድርጊ፣ ስልክሽን በእጅሽ አንጠልጥለሽ አትሂጂ፣ ሲመሽ ብቻሽን በጨለማ መንገድ አትለፊ። ይህን ካደረግሽ መርካቶን መፍራት አያስፈልግም። ምናለሽ ተራ ገብተሽ አሮጌ ቆርቆሮ ምጣድና ሰታቴ ሲሆን ካላየሽ የዚህ ሕዝብ እጅ ምን እንደሚችል አታውቂም።

አንድ የሚያሳምመኝን ነገር ደግሞ ሳልነግርሽ አልቀርም። «የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል» ይባላል። በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈረሱ፤ ቀጥሎ የካዛንቺስ ሰፈሮች ተነሡ። መንገዱ ሰፋ፣ ዛፍ ተተከለ፣ መብራቱ አማረ፤ ይህን አልክድም፤ በአዲሱ የእግረኛ መንገድ ሽማግሌም ልጅ የያዘች እናትም ይንሸራሸሩበታል፣ አንቺም ተንሸራሸሪበት። ነገር ግን ከቤቶቹ ጋር የተበተነው ጉርብትና፣ እድሩ፣ አንድ በር ላይ ስንት ዓመት የተጠጣው ቡና በአስፋልት አይተካም። ይህን የምልሽ እንድታዝኚ ብቻ አይደለም። ዛሬ ቆሞ ያለውን ቤት ዛሬ እዪው ልልሽ ነው። ባለ እንጨት ሰገነቱን፣ የድሮውን ፀጉር ቤት፣ የሽማግሌውን የልብስ ስፌት ቤት እዪ፤ ባለቤቶቹን አስፈቅደሽ ጠይቂያቸው። ታሪካቸውን የሚጠይቃቸው ሰው አጥተው የተቀመጡ ብዙ ናቸው።

«ብቻዬን ምን እሠራለሁ» የምትዪው ነገር ይገባኛል። ከትንሽ ከተማ ለመጣ ሰው የአዲስ አበባ ሰው የሚሮጥ፣ የማይመለከት ይመስለዋል። ቀድመሽ ሰላም በዪው። «የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው»፤ ግን መድኃኒቱ ራሱ በር አያንኳኳም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ፊት ለፊትሽ ያሉትን ሰዎች ስም አታውቂም አሉ። በዚህ እሑድ ቡና አፍይና ጥሪያቸው። ፈንዲሻ ካለ ሌላ ድግስ አያስፈልግም። አቦሉ ላይ ቢያፍሩ ቶናው ላይ ይጫወታሉ፤ በረካው ሲደርስ አንቺን ማን ሊድርሽ እንደሚችል መማከር ይጀምራሉ። እድሩንም ግቢ፤ ወጣት ነኝ ብለሽ አትተዪው።

አሁን እንግዲህ ምክሬን ወደ ሥራ ለውጪው። በመጪው ቅዳሜ ከሰዓት ልብሱን ተዪው፤ ጠዋት ታጥቢዋለሽ። ምቹ ጫማ አድርጊና አራት ኪሎ ላይ ውረጂ፣ ዳገቱን በእግርሽ ውጪ፣ ሙዚየሙ ሳይዘጋ ግቢ። ጓደኛ ካላገኘሽ እኔ አለሁ፤ ዓርብ ማታ ደውዪልኝ።