ቡችላው ከመግባቱ በፊት

በተክለ ሃይማኖት ሰፈር ልጆች ቡችላ በጉያቸው ሸሽገው ሲገቡ እናያለን። ወላጅም ወይ ሳያስብ ይቀበላል፣ ወይ ያባርራል። ነቢዩ ናታን ለዳዊት የነገረው ድኻ ግን አንዲት በጉን ከገዛ ማዕዱ እያካፈለ ከልጆቹ ጋር አሳደጋት (2ኛ ሳሙ. 12)። በጦብያ መንገድም ከመልአኩ ሩፋኤል ጋር ውሻ ተጉዟል።

እንግዲህ ውኃ ማን እንደሚሰጠው፣ የት እንደሚያድር አስቀድመን እንማከር። ሁለት ወር ሳይሞላው ከእናቱ አይለይ፤ በሦስተኛው ወር ገደማ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ይከተብ። በሽታው ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ ወዲያ ፈውስ የለውም ማለት ይቻላል። የተነከሰ ልጅ ቁስሉ በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ ታጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። ልጆች ግን ቁጣችንን ፈርተው ንክሻውን ይደብቃሉ፤ በዚህስ ጥፋተኛው ማን ነው? መምህራን ሆይ፣ በመጪው እሑድ በእርጋታ ጠይቋቸው።