አንድ ገዢ፣ አምስት ተጫዋች

ጠረጴዛ ዙሪያ የሚና ጨዋታ የሚጫወቱ ሰዎች የሚወዱትን ጨዋታ ሽያጭ ልክ እንደ ኳስ ውጤት ሲከታተሉ ይገርመኛል። "የኛ ከናንተ በልጦ ተሸጠ" ይባባላሉ። ቆይ፣ ብሩ የገባው እነሱ ኪስ ነው እንዴ? አክሲዮን እንኳ የላቸውም።

ለማታውቁት፦ አራት አምስት ሰው ይቀመጣል፤ አንዱ ታሪኩን ይመራል፣ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ሆነው ይናገራሉ፣ የሚሳካውንና የማይሳካውን ዳይስ ይወስናል። በጣም የታወቀው ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የፈጠሩት ይህ ጨዋታ በ1974 (በፈረንጆቹ) ሲወጣ የመጀመሪያው ሕትመት 1000 ቅጂ ብቻ ነበር።

ቶሎ የሚመጣልኝ መልስ "ሽያጩ ምን አገባን?" የሚል ነው። ሰርቨሩ የተዘጋ የኢንተርኔት ጌም አበቃለት። መጽሐፍ ግን ሰርቨር የለውም። በ1997 አሳታሚው ቲኤስአር ዕዳ ውስጥ ተዘፍቆ ለወራት አዲስ ነገር ማሳተም አቅቶት ነበር፤ ከዚያ ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት ገዛው። በነዚያ ወራት መጽሐፉ ቤቱ ያለውን ሰው ጓደኞቹን ሰብስቦ እንዳይጫወት የከለከለው አልነበረም። ገበጣስ ቢሆን ማን ይሸጠዋል? መሬት ላይ ጉድጓድ ትቆፍራላችሁ፣ ጠጠር ትለቅማላችሁ፣ አለቀ።

ግን ይሄ መልስ አንድ ነገር ዘሎ ያልፋል። ለገበጣ ሁለት ሰው ይበቃል፣ ሕጉንም ታላቅ ለታናሽ ያሳያል። ይሄኛው ግን አንድ ዓይነት ሕግ የሚያውቁ አምስት ሰዎችን፣ በአንድ ምሽት፣ ለዚያውም በየሳምንቱ ይፈልጋል። አብሯችሁ የሚቀመጥ ከሌለ ያላችሁ መጽሐፍ እንጂ ጨዋታ አይደለም። ሽያጭ ለተጫዋች ትርጉም የሚኖረው እዚህ ጋ ነው፤ የማታውቁት ሰው የናንተን ሕግ ቀድሞ ተምሮ እንዲጠብቃችሁ ያደርጋል። ያ እንደ ኳስ ደጋፊ የሚጮኸው ልጅ፣ እንደኔ ግምት፣ የሚፈራው ብቻውን መቅረትን ነው። አልፈርድበትም።

ችግሩ፣ እሱ የሚፈልገውና ኩባንያው የሚፈልገው አንድ አለመሆኑ ነው። ልጁ የሚፈልገው ተጫዋች እንዲበዛ ነው፤ ኩባንያው ደግሞ ገዢ እንዲበዛ። አንድ ሰው መጽሐፍ ገዝቶ አምስት ሰው ይጫወትበታል፤ ይሄ ለኛ ደስታ፣ ለሻጩ ግን ኪሳራ ነው። በታኅሣሥ 2022 የዊዛርድስ ኃላፊዎች ጨዋታው ማስገባት የሚችለውን ያህል ገንዘብ እያስገባ እንዳልሆነ፣ ታሪክ መሪዎቹ ከተጫዋቹ 20 በመቶ ገደማ ብቻ ሆነው ሳለ ከሁሉ በላይ የሚከፍሉት እነሱ መሆናቸውን ለኢንቨስተሮች ተናገሩ። በሚቀጥለው ወር የአዲስ ፈቃድ ረቂቅ ሾልኮ ወጣ። ከ2000 ጀምሮ ማንም በጨዋታው ሕግ ላይ ተመሥርቶ የራሱን መጽሐፍ እንዲሸጥ የሚፈቅድ ውል ነበር፤ ረቂቁ ግን በዓመት ከ750,000 ዶላር በላይ ከሚያስገቡት፣ ከዚያ ከሚተርፈው ገቢ ላይ እስከ 25 በመቶ ይጠይቅ ነበር። ተጫዋቾች ተቆጡ፤ ብዙዎች ወርሃዊ ክፍያቸውን አቋረጡ። ጥር ሳያልቅ ኩባንያው አፈገፈገና ዋናውን ሕግ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ለቀቀው። እንግዲህ ሽያጭ ለተጫዋቹ ከምንም ጊዜ በላይ የጠቀመው አልገዛም ባለበት ሳምንት ነው።

አሁን ደግሞ የሚከብደው ጥያቄ፦ ማታ ከሥራ ሲመለስ ጨዋታ የሚጽፈው፣ ሃያ ገጽ ፒዲኤፍ የሚሸጠው ሰውስ? ለሱ የእያንዳንዱ ቅጂ ሽያጭ ቀጣዩን መጽሐፍ ይጽፋል ወይስ ይተወዋል የሚለውን ይወስናል። የገዛነውን መጽሐፍ አምስት ሆነን ብንጫወትበት ሌብነት አይደለም፤ ጨዋታው የተሠራው ለዚያ ነው። ፋይሉን ለአምስት ማባዛት ግን ሌላ ነገር ነው፤ "ሕጉ አያስረኝም" የሚለውም እዚህ መልስ አይሆነኝም። ከአንድ ትሪ አምስት ሰው በልቶ አንዱ ብቻ ሲከፍል የሚሰማን ዓይነት ስሜት አለ፤ በተለይ ምግቡን የሠራው ሰው እዚያው ቆሞ እያያችሁ። እኔ ባዋጣ ይቀለኛል፤ አምስታችንም ብናዋጣ ለየአንዳንዳችን የማኪያቶ ዋጋ ቢደርሰን ነው።

ለትልቁ ኩባንያ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ አላዋጣም። እሱ የምግብ ቤቱ ባለቤት እንጂ ወጡን የሠራው አይደለም፤ ወጥ ሠሪዋ ምን ያህል እንደሚደርሳት ደግሞ ሂሳቡ ላይ አይጻፍም።