ከጋቢ ሥር ያለው ሽጉጥ



ባለፈው ወር ከጉባኤ በኋላ ሦስት ጓደኛሞች በቅጽሩ ጥግ ቆመን ስንጨዋወት አንዱ እንዲህ ሲል ጠየቀ፤ «ለመንገድ የሚሆን፥ ከልብስ ሥር የማያስታውቅ ሽጉጥ ብገዛ የትኛው ይሻለኛል?» ሌላው ወዲያው መለሰለት። ማካሮቩ ስምንት ጥይት ይጎርሳል፥ ነገር ግን 730 ግራም ያህል ስለሚመዝን ወገብ ላይ ያስታውቃል፤ 7.65 ሚሊ ሜትሩ ቀለል ይላል፤ 6.35 ሚሊ ሜትሩ ደግሞ ከመዳፍ እምብዛም ስለማያልፍ በኪስ ቢከቱት ማንም አያይም አለ። እኔ ዝም አልሁ። ዝም ያልሁት ነገሩ እንግዳ ሆኖብኝ አይደለም፤ ይህንኑ ጥያቄ ዓምና እኔም ጠይቄ መልሱን በራሴ ላይ ስላየሁት ነው። ያን ዕለት ለጓደኞቼ ሳልነግራቸው የቀረሁትን ዛሬ በዚህች ገጽ እጽፈዋለሁ።

በአገራችን በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ የጦር መሣሪያ እንግዳ ነገር አይደለም። ከጉና ግርጌ ጀምሮ እስከ በሽሎ ቆላ ድረስ ጠመንጃ በትከሻው ያነገተ ገበሬ ከገበያ ሲመለስ ማየት የኖረ ልማድ ነው። ይህን ልማድ ላወድስ አልተነሣሁም። ስንት ቤት እንደ ፈታ፥ ስንቱ በደም ተፈላልጎ ከቀዬው ተነቅሎ እንደ ቀረ ሁላችን እናውቃለን። ይሁን እንጂ በትከሻ ላይ ያለ ጠመንጃ አንድ ጠባይ አለው፤ ይታያል። ስለሚታይም ሰው ሊናገረው ይችላል። ባለጠመንጃው ወደ ቤተ መቅደስ ይዞት አይገባም፤ ሰርግ ቤት ሲደርስ «እስቲ ይህን እንቀበልህ» ይሉታል፤ ጠላው ሲበዛበት ወንድሙ ወይም ሚስቱ አንሥተው ያርቁበታል፤ ሽማግሎች ለዕርቅ ሲቀመጡ «መሣሪያችሁን ወዲያ አድርጋችሁ ቅረቡ» ይላሉ። እንግዲህ ጠመንጃው የአንድ ሰው ቢሆንም ጥበቃው የመንደሩ ሁሉ ነው።

ሽጉጥ ግን እንዲህ አይደለም። ስሙ ራሱ ጠባዩን ይነግረናል፤ ሸጎጠ ከሚለው ግሥ የመጣ ነውና የተሸጎጠ ነገር ማለት ነው። ማንም ስለማያየው «አስቀምጠው» የሚል የለም። ጠላው ሲበዛ የሚያርቀው የለም። በዕርቅ ሸንጎም ከባለቤቱ ጋር አብሮ ይቀመጣል። ስለዚህ «የትኛው ሽጉጥ ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ስለ ብረቱ መጠን ብቻ ይምሰል እንጂ በውስጡ ሌላ ጥያቄ ተሸጉጧል፤ ይኸውም «ከወዳጆቼ ዓይንና ከወዳጆቼ ምክር የሚሰውረኝ የትኛው ነው?» የሚል ነው። በእኔ አስተያየት ክርስቲያን የሆነ ወጣት አስቀድሞ መመርመር ያለበት ይህን ነው።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። አባቴ ካረፈ በኋላ በእርሻ ድንበር ምክንያት ከጎረቤታችን ልጅ ጋር ተጣላሁ። አንድ ቀን ማታ መንገድ ላይ «ቆይ፥ ትተያየኛለህ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አጣሁ። ዘመዴ የሆነ ሰው ከመዳፍ የማትበልጥ አንዲት ሽጉጥ አዋሰኝ፤ እኔም በብብቴ ሥር ይዤ፥ በላይዋ ጋቢ ደርቤ ስሄድ ሰነበትሁ። በመጀመሪያው ቀን ልቤ ተደላደለ። በሁለተኛው ሳምንት ግን ጠባዬ ተለወጠ። ሽማግሎች ነገሩን ሲያነሡ «ጥቂቱን ልተውለት» ለማለት ተዘጋጅቼ የነበርሁት ሰው ነገሬን አከረርሁ። ቀድሞ የማልፈውን ቃል አላልፍም አልሁ። ፍርሃቴ የቀነሰ መስሎኝ ነበር፤ የቀነሰው ግን ትዕግሥቴ ነው። ኮቴ ከኋላዬ በሰማሁ ቁጥር ከቀድሞው ይልቅ እደነግጥ ነበርና።

አንድ ቀን በተዝካር ቤት ተቀምጬ ሳለሁ እጅ ከኋላዬ መጥቶ ትከሻዬን ነካኝ። ዘወር ብል ያው የጎረቤታችን ልጅ ነው። የእኔ እጅ ሳላዘው ከጋቢዬ ሥር ገብቶ ብረቱን ጨብጦ ነበር። እርሱ ግን ጎንበስ ብሎ «ወንድሜ፥ ለአባትህ ተዝካር ሳልመጣ በመቅረቴ ሲቆረቁረኝ ኖሯል፤ ይቅር በለኝ» አለኝ። «እግዚአብሔር ይቅር ይበለን» አልሁት። እጄን ግን ቶሎ ላወጣ አልቻልሁም። ያላወጣሁት በርዶኝ መስሎት ይሆናል። የእርሱን ይቅርታና የእርሱን ሞት የለየው አንድ ትንፋሽ ብቻ ነበረ፤ በዚያች ትንፋሽ ውስጥ የነበረው ሰውም እኔ ብቻ ነበርሁ።

በማግሥቱ ወደ ንስሐ አባቴ ሄጄ ሁሉን ነገርኋቸው። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ «ልጄ፥ ይህን መያዝህን ከእኔ በፊት ማን ያውቅ ነበር?» አሉኝ። «ካዋሰኝ ሰው በቀር ማንም» አልሁ። «እናትህስ?» «አታውቅም።» «እንግዲያው ክፉው መንፈስ በመጣብህ ጊዜ እጅህን ማን ይይዝልህ ኖሯል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ ቅዱሳት መጻሕፍትን በዚህ ጥያቄ መረመርሁ። ጌታችን በተያዘባት ሌሊት ቅዱስ ጴጥሮስ ሰይፉን መዝዞ የማልኮስን ጆሮ ቆርጧል። ጌታም ሰይፉን ወደ ሰገባው እንዲመልስ አዘዘው፤ የተቆረጠውንም ጆሮ ፈወሰ። ደቀ መዛሙርቱ ሁለት ሰይፎች እንዳሏቸው አስቀድመው ለጌታ ነግረውት ነበር። የጴጥሮስ ሰይፍ መምህሩ የሚያውቃት ሰይፍ ነበረችና «መልስ» የሚለው ቃል ቶሎ ደረሰላት። የእኔዋን ማን ያውቃት ነበር?

«ናዖድስ?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ በመጽሐፈ መሳፍንት እንደ ተጻፈው ናዖድ አንድ ክንድ የምትሆን ሰይፍ ከልብሱ በታች በቀኝ ጭኑ ታጥቆ ገብቶ የሞዓብን ንጉሥ ገደለ፤ 18 ዓመት የተገዛውንም ሕዝብ ነፃ አወጣ። ነገር ግን ኢዮአብም የወዳጅ ፊት እያሳየ ገድሏል። አሜሳይን ደኅንነቱን እየጠየቀ፥ ሊስመው ጢሙን ይዞ፥ ልብ ባላለው ሰይፍ ወጋው። ዳዊት በመሞቻው ሰዓት እንኳ ያን ደም አልረሳውም። ናዖድ ለሕዝብ መድኃኒት እንዲሆን የተነሣ መስፍን ነው፤ እኛ በአንድ ትልም መሬት የተጣላን ጎረቤታሞች ነን። መሣሪያ የሸሸገ ሰው ሁሉ በራሱ ዓይን ናዖድ ነው፤ በሟች እናት ዓይን ግን ኢዮአብ ነው።

ይህ የጥንት ታሪክ ብቻ አይደለም። ጥር 21 ቀን 1940 ዓ.ም. በዴልሂ ከተማ ማኅተመ ጋንዲ ወደ ማታ ጸሎት ሲሄዱ አንድ ሰው ከሕዝቡ መካከል ወጥቶ እጅ ነሣቸው፤ ወዲያውም በጣሊያን አገር በተሠራች አነስተኛ ቤሬታ ሽጉጥ ሦስት ጊዜ ተኩሶ ገደላቸው። ሰላምታውና ጥይቱ ከአንድ ሰው፥ በአንድ ቅጽበት ወጡ። የተሸሸገ መሣሪያ ትልቁ ጉዳት ይህ ነው፤ የሚገድለው አንድን ሰው ቢሆን፥ የሚያቆስለው ግን የሰላምታን እምነት ነው። መሣሪያ በየብብቱ በገባበት አገር እጅ መነሣትም፥ ትከሻ መንካትም ያስፈራል።

«የመንገዱ ነገርስ?» ትሉ ይሆናል። ከ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ወዲህ ክልላችን ያየውን ግጭት፥ ሰው እየታገተ ገንዘብ የተጠየቀበትን ጊዜ ሁላችን እናውቃለን። ጓደኛዬም «ጠመንጃ ብይዝ መሣሪያውን ሊቀሙ ይገድሉኛል፤ ባዶ እጄን ብሄድ ያግቱኛል፤ የተሸሸገው ይሻላል» ይላል። ይህን የሚል ሰው ፈሪም ዋዛኛም አይደለም። ራስን ከሞት መከላከል ኃጢአት ነው ብዬም አልፈርድም፤ ይህ ከእኔ የሚበልጡ ሊቃውንት የሚናገሩት ነው። ነገር ግን ዕቃውን በእውነት እንመዝነው።

አንደኛ፥ ሽጉጥ ባነሰ ቁጥር ለመሸሸግ ይመቻል፤ ለማነጣጠር ግን ያስቸግራል። አፈሙዙ አጭር፥ እጀታው ትንሽ፥ ጥይቱም ደካማ ነው። ስለዚህ በደንብ የሚሠራው በክንድ ርቀት ላለ ሰው ነው። ሽፍታው ግን ክላሽ ይዞ ከገደሉ ራስ ይቆማል። በክንድ ርቀት የሚቀመጠው ማን ነው? ጎረቤት፥ ዘመድ፥ የማኅበር ጓደኛ፥ የጠላ ባልንጀራ ነው። ለሽፍታ ተብላ የተገዛች ሽጉጥ የምትደርሰው ለባልንጀራ ነው ማለት ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፥ የሩቁን ጠላት ፈርተን የቅርቡን ወንድም እናጣለን።

ሁለተኛ፥ ትንሽ ጥይት ትንሽ ቁስል ያደርጋል ማለት አይደለም። በቶሎ አይጥል ይሆናል፤ በውስጥ ግን ያደማል። ከቆላው ተነሥቶ ቁስለኛን በቃሬዛ ተሸክሞ ዳገቱን የወጣ ሰው ይህን ያውቃል። ሐኪም ቤት ሲደርሱ መሽቷል።

ሦስተኛ፥ ሕጉም አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። በገበያ ጥግ በሹክሹክታ የሚሸጥ ሽጉጥ ደግሞ ከየት እንደ መጣ፥ በማን ላይ እንደ ተተኮሰ ገዢው አያውቅም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? መንገድ ስንሄድ ተጠራርተን በአንድነት እንሂድ፤ ሳይመሽ እንነሣ፤ የት እንደምንሄድ ለቤተ ሰብ እንንገር። ጠብ ሲነሣ ቂሙ ሳይደርቅ ሽማግሌ እንላክ። ደም ከፈሰሰ በኋላ ደም የሚያደርቁ ሽማግሎችና መስቀል የያዙ ካህናት ስንት ጊዜ እንደሚመላለሱ፥ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ሁላችን አይተናል፤ ያ ሁሉ ድካም ከመተኮሱ በፊት ቢሆን ግማሹም አያስፈልግም ነበር። መሣሪያ ያለው ወንድማችንም ቢያንስ ይህን ያድርግ፤ መያዙን ሊቆጣው ለሚችል ለአንድ ሰው ይንገር። ለእናቱ፥ ለታላቅ ወንድሙ ወይም ለንስሐ አባቱ ይንገር። ለማንም ሊነግረው የሚያፍርበት ከሆነ፥ ያ እፍረት ራሱ መልስ ይሁነው።

እኅቶቼም፥ አንድ ቃል ለእናንተ አለኝ። በሰርግና በለቅሶ ግጥም ስታወጡ ገዳይን ስታሞግሱ፥ ደም ያልመለሰውን ስታሽሟጥጡ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ያ ግጥም በወንድሞቻችሁ ብብት የሚገባ ሌላ ሽጉጥ ነው። ይቅር ያለውን ደግሞ አንድ ጊዜ አሞግሱትና ምን እንደሚሆን እንይ።

እኔ ሽጉጧን ላዋሰኝ ሰው መለስሁ። ድንበሩንም ሽማግሎች አይተው ጥቂት ትልም ከእኔ ወደ እርሱ አለፈ፤ አልዋሻችሁም፥ ሳርሰው አሁንም ይቆጨኛል። ሲመሽ ብቻዬን ስሄድም እፈራለሁ። ያ ፍርሃት ግን ለሰው የምናገረው ፍርሃት ስለ ሆነ «ቆይ፥ አብረን እንሂድ» የሚለኝ አላጣሁም።

ያላደረግሁት አንድ ነገር ቀርቶኛል። ያ የጎረቤታችን ልጅ በተዝካሩ ቀን እጄ የት እንደ ነበረ እስከ ዛሬ አያውቅም። እርሱም እንደ እኔ የዚህ ሰንበት ትምህርት ቤት አባል ነው፤ ይህችንም ጽሑፍ ከእናንተ ጋር ያነባታል። ወንድሜ ሆይ፥ በርዶኝ አልነበረም። ይቅር በለኝ።