ስላለፈ ጕዞ የሚሰጥ ምስክርነት

በመጨረሻ የፈረሰ ትዳር በመካከሉ ያሳየው መልካም ቀን እውነተኛ ነበርን? ወይስ ፍጻሜው ከፊቱ የነበረውን ሁሉ ሐሰት ያደርገዋል? ይህ ለጨዋታ የሚነሣ ጥያቄ አይደለም። የተለያዩ ባልና ሚስት አንዱ ስለ ሌላው የሚያስበው፣ ለልጆቻቸውም የሚነግሩት በመልሱ ይወሰናልና።

ጥያቄውን ያቀረበችልን በካርቱም ከተማ ብዙ ዘመን የኖረች አንዲት እኅት ናት፤ ስሟን አንጽፍም። እርሷ በሰው ቤት እየሠራች፣ ባሏም በግንበኝነት እየደከመ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖሩበት በነበረው ዴም በሚባለው ሰፈር ተቀምጠው ነበር። ጠባቸው የገንዘብ ነበር። እርሱ ያገኘውን ሳያማክር ለዘመዶቹ ይልካል፤ እርሷም የራሷን ትሸሽጋለች። ጠቡም ውሎ አድሮ ወደ ዝምታ ተለወጠ፤ ዝምታም በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ከስድብ ይልቅ ይከብዳል። በ2005 ዓ.ም. የጥምቀት በዓል ሲቀርብ፣ ጎንደር ባሉ ሽማግሌዎች ፊት ለመታረቅ ተስማምተው በአውቶቡስ ተነሡ።

ከካርቱም እስከ ድንበሩ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መንገዱ በመጀመሪያ ዓባይን ወደ ላይ ተከትሎ ወድ መደኒ ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ማሽላና ሰሊጥ የሚዘራበትን የገዳሪፍን ሜዳ ያቋርጣል። ጋላባትና መተማ በአንዲት ትንሽ ወንዝ ብቻ ተለያይተው ፊት ለፊት ይተያያሉ። መተማ አፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. የወደቁባት ስፍራ ናት። ከዚያ ወዲያ ቆላው እያለቀ፣ ከባሕር ጠለል 2,000 ሜትር ከፍ ወደሚለው ወደ ጎንደር ደጋ ይወጣል። ሰባኪዎች በካርቱም የሚገናኙትን ነጭና ጥቁር ዓባይ የጋብቻ ምሳሌ ማድረግ ይወዳሉ፤ ወንዞች ግን ቂም አይዙምና እኛ ምሳሌውን እንተወዋለን።

በጕዞው የሆነው ነገር ትንሽ ነው። ባልየው ፀሐይ የማይመታውን ወንበር ለሚስቱ ለቀቀላት። በገዳሪፍ አድረው ሳሉ ትኩሳት ያዛት፤ እርሱም ነጠላዋን በውኃ እየነከረ በግንባሯ ላይ ሲያኖር ዓይኑን ሳይከድን ነጋ። በማግሥቱ ስለ ልጅነታቸው እያወሩ እንደ አዲስ ሙሽሮች ሳቁ። ሽማግሌዎቹም አስታረቋቸው። በዚያው ዓመት ሴት ልጅ ወለዱ። ነገር ግን ሕፃኒቱ ክፉና ደጉን ሳትለይ ተለያዩ።

ከዚያ በኋላ ጦርነቱ መጣ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ የፋሲካ ዋዜማ በሆነው ቅዳሜ፣ በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መካከል በካርቱም ውጊያ ተጀመረ። እኅታችንም ከሚሸሸው ሕዝብ ጋር ልጇን ይዛ በዚያው መንገድ ወጣች። ገዳሪፍ ስትደርስ ያ ሌሊት ትዝ አላት፤ ከማዘንም ይልቅ ተቈጣች። ያስታመመኝ በሽማግሌዎች ፊት መልካም መስሎ ለመታየት ነው ብላ አሰበች። ያ ደግነት ማታለል ነበር ወይ ብላ የጠየቀችን ስለዚህ ነው።

እኛ ማታለል አልነበረም እንላለን። በዚያ ሌሊት ሽማግሌ በክፍሉ አልነበረም፤ ያየው ማንም የለም። ትኩሳቱም በእውነት በረደ። ለዚያ ሌሊት በምድር ላይ ከእርሷ በቀር ምስክር የለውም፤ እርሷ ከካደችው የሚያነሣው አይኖርም። ስለ ሐሰት ምስክርነት የተሰጠው ትእዛዝ በዳኛ ፊት ለሚቆም ሰው ብቻ የተነገረ ይመስለናል፤ ነገር ግን ሰው በልቡ ውስጥ ከማንም ይልቅ አብዝቶ የሚፈርደው አብሮት በኖረው ሰው ላይ ነው።

ይሁን እንጂ በሌላው ወገን ያለውንም ስሕተት ማለፍ አይገባንም። አንዳንዶች፣ ሽማግሌዎችም ጭምር፣ አንዲትን መልካም ሌሊት እንደ ዕዳ ወረቀት ይዘው፣ ይህን ካደረገልሽ ሁሉን ቻይ ይላሉ። ይህ ደግሞ ሌላ ሐሰት ነው። መንገድ ባልና ሚስትን ለምን እንደሚያስማማ እናስተውል፤ በመንገድ ላይ ደመወዝ የለም፣ የዘመድ መልእክት አይደርስም፣ ገንዘቡ በአንድ ከረጢት ነው፣ ጭንቁም የጋራ ነው። ስለዚህ ጕዞው ጠባቸውን አላዳነውም፤ የጠቡን ምክንያት በካርቱም ትቶት ሄደ እንጂ። ሲመለሱ በዚያችው ክፍል ቆይቶ አገኛቸው።

የሙሴን ሚስት ሲፓራን እናስብ። ከምድያም ወደ ግብጽ ሲሄዱ በማደሪያው ስፍራ ብርቱ ነገር አገኛቸው፤ እርሷም በዚያች ሰዓት ፈጥና የባሏን ሕይወት አተረፈች፤ በዚያችው ሰዓት መራራ ቃል ተናገረችው። ከዚያም በኋላ ሙሴ እርሷን ወደ አባቷ ወደ ዮቶር ሰድዷት እንደ ነበር ተጽፏል። ጸሓፊው መራራውን ቃል ለማለስለስ፣ ማዳኗንም ለማሳነስ አልደከመም። ሁለቱን ጎን ለጎን አኑሮ አለፈ።

እኅታችን አሁን በጎንደር ትኖራለች። ልጂቱ ስለ አባቷ በጠየቀቻት ጊዜ ስለ ገንዘቡም ስለ ገዳሪፍ ሌሊትም ነገረቻት። ልጂቱም ጥቂት ዝም ብላ፣ አባቷ ከካርቱም ወጥቶ እንደ ሆነ ጠየቀች። እናቲቱ የምትመልሰው አልነበራትም፤ ነገር ግን ከዚያች ቀን ጀምራ ከሱዳን የሚመጡትን ሰዎች ስለ እርሱ ትጠይቃለች።