ያላጠፉትን መካስ

የበደለ ይካስ፤ ያጠፋ ያልማ። ይህ በሸንጎም ሆነ በሽምግልና ሲሠራበት የኖረ፣ ኅሊናም የማይከራከረው ደንብ ነው። አስቸጋሪው ጥያቄ የሚነሣው አጥፊው ትርፉን ይዞ ሲሄድ ወይም በሞት ሲያልፍ፣ ጥፋቱ ግን በስፍራው ሲቀር ነው። ለመሆኑ በዚያን ጊዜ ካሣው የማን ዕዳ ነው? በተጎዳው ምድር ላይ የሰፈረ፣ በጥፋቱ ግን እጁ የሌለበት ሰው «ይህስ ዕዳ ከሜዳ ነው» ብሎ ፊቱን ቢያዞር ይወቀሳልን?

ይህ ጥያቄ በሰሜን ካሊፎርኒያ በአንድ ወንዝ ዳር በተግባር ተነሥቷል። የማቶል ወንዝ ርዝመቱ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከጠረፉ ተራሮች ተነሥቶ ወደ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ይገባል። ስሙ በ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ በሰፋሪዎች የተገደለውና የተፈናቀለው ነባር ሕዝብ ስም ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የእንጨት ንግድ በተፋሰሱ ላይ ዘመተ። ዳገቱ ለመኪና መንገድ ተቆረጠ፤ ዕድሜ ጠገቡ ደን ተጨፈጨፈ። እ.ኤ.አ. በ1955 እና በ1964 የደረሱት ታላላቅ ጎርፎች የተራቆተውን አፈር ጠርገው ወደ ወንዙ አወረዱት። ጥልቅ የነበሩት ኩሬዎች በደለል ተሞሉ፤ ወንዙ እየሰፋ ጥልቀቱ ቀነሰ፤ ጥላ በማጣቱም ውኃው ሞቀ። ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ይባላል፤ ማቶል ግን ከግንዱ ጋር ተራራውንም ተሸከመ።

ጉዳቱ ጎልቶ የታየው በሳልሞን ዓሣ ላይ ነው። ሳልሞን በወንዝ ተፈልፍሎ በባሕር ያድጋል፤ ሲጎለምስም የተወለደበትን ወንዝ በጠረኑ ለይቶ ይመለሳል፤ ጠጠር ምሶ ዕንቁላሉን ይጥላል። በጠጠሩ መካከል ንጹሕ ውኃ ካልተመላለሰ ዕንቁላሉ ታፍኖ ይቀራል። ደለሉ ያደረሰው በደል ይኸው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዓመታት ወደ ሸለቆው የገቡት አዲስ ነዋሪዎች ያገኙት ይህንን የተራቆተ ምድር ነው። ደኑን አልቆረጡም፤ ከሽያጩም አልተካፈሉም። ሆኖም በ1980 ነዋሪዎች ለሳልሞኑ የሚቆም ቡድን አቋቋሙ። በክረምት ብርድ ወንዝ ውስጥ ቆመው ዓሣዎቹን እየያዙ፣ ዕንቁላላቸውን በጠጠር በተሞሉና ንጹሕ ውኃ በሚፈስባቸው ሣጥኖች አስፈለፈሉ፤ ተማሪዎችም ጫጩቶቹን ወደ ወንዙ ለቀቁ። ከሠራተኞቹ አንዱ፣ ቀድሞ ዓሣ አስጋሪ የነበረው ፍሪማን ሃውስ፣ ይህን ታሪክ በ1999 ባሳተመው «ቶተም ሳልሞን» በተባለው መጽሐፉ ተርኮታል። ይሁንና ሣጥን ብቻውን ወንዝን አያድንም፤ የዓሣው ደኅንነት በውኃው፣ የውኃውም በተራራው ላይ የተመሠረተ ነውና። ስለዚህ በ1983 የማቶል ተሐድሶ ምክር ቤት ተመሠረተ፤ ሥራውም የሚናደውን ዳገት ወደ ማጽናትና ችግኝ ወደ መትከል ሰፋ።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። ንጹሑ ሰው የበዳይን ዕዳ ሲከፍል በዳዩን ነጻ ማውጣቱ፣ ለሌላው አጥፊም ድፍረት መስጠቱ አይደለምን? ተቃውሞው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ምክር ቤቱ በ1988 ካወጣቸው ሥራዎች አንዱ ካርታ ነበር። ካርታው ከ1947 ወዲህ ከዕድሜ ጠገቡ ደን ከ90 በመቶ በላይ መቆረጡን በግልጽ አሳየ። ቁስሉን ለማከም የተነሣ ሰው ቁስሉን መለካት ግድ ይሆንበታል፤ የለካም ምስክር ይሆናል። በዳይን ነጻ የሚያወጣው የጠጋኙ ድካም ሳይሆን የተመልካቹ ዝምታ ነው።

ከዚህ የከበደ ሌላ ጥያቄ አለ። ለመሆኑ ንጹሕ የተባለው ሰው በእርግጥ ንጹሕ ነውን? በማቶል ራስጌ በበጋ ወራት ወንዙ ሲቀጥን፣ ለቤትና ለጓሮ አትክልት ውኃ የሚስበው የነዋሪው ፓምፕ ነበር። መጋዝ ያልነካ እጅ ውኃውን ሲያጎድል ተገኘ። ከ2000ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ግን ብዙ ቤተሰቦች በዝናቡ ወራት ውኃ በታንከር አጠራቅመው፣ በደረቁ ወራት ከወንዙ ላለመቅዳት ተስማሙ። ይህ ስምምነት ከችግኝ ተከላው የበለጠ ፈታኝ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ችግኝ ተካይ የሌላውን ጥፋት ሲያርም፣ ፓምፑን የሚዘጋው ግን የራሱን ያርማልና።

የሳልሞኑ ቁጥር እስከ ዛሬ ወደ ቀድሞው አልተመለሰም። ድካሙ ከንቱ ነው የሚል ሰው ቢኖር፣ ግዴታን በውጤት ብቻ መመዘኑ ነው። በአንድ ወንዝ ዳር የሚኖር ሰው ደኑን ማን እንደቆረጠው መጠየቁ ተገቢ ነው፤ መልሱን እየጠበቀ ግን በየማለዳው ከዚያው ወንዝ ይቀዳል። ዕዳው ከሜዳ የመጣ የሚመስለው የቀዳውን ለረሳ ሰው ነው።